የአዋሽ ዳር ዛፍና የባለይዞታው ድርሻ፦ ፕሮሶፒስ በአፋር

በሳይንሳዊ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፣ በአካባቢው አጠራር «ወያኔ ዛፍ» የሚባለው፣ አፋሮችም በቋንቋቸው «የደርግ ዛፍ» ብለው የሰየሙት እሾሃማ ተክል ዛሬ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ ተሰራጭቶ ይገኛል። የትውልድ ምድሩ ከሜክሲኮ አንሥቶ በካሪቢያን ዳርቻ በኩል እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል የሚዘልቀው ደረቅ አገር ሲሆን፣ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ቆላዎች የተሻገረው በመንግሥታት፣ በደን ባለሙያዎችና በእርዳታ ድርጅቶች እጅ ነው። ሱዳን ዘሩን እ.ኤ.አ. በ1917 ከግብፅና ከደቡብ አፍሪካ አስመጣች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ በኬንያም በ1973 በሞምባሳ አቅራቢያ ለሲሚንቶ ድንጋይ ተቆፍሮ የተራቆተ መሬት እንዲያለብስ ተተከለ። በየአገሩ የተፈለገው ድርቅ የሚችል፣ ጨዋማ አፈር የማይበግረው፣ ማገዶና ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ነበር፤ ፕሮሶፒስም እነዚህን ሁሉ በእርግጥ የሚያሟላ በመሆኑ የመረጡትን ሰዎች በአላዋቂነት መክሰስ ፍትሐዊ አይሆንም።

የኢትዮጵያው ታሪክ ከአዋሽ ሸለቆ መስኖ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ከተቋቋመ በኋላ፣ አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን ያወርድበት የነበረው የወንዝ ዳር ግጦሽ በመልካ ወረር፣ በመልካ ሰዲ፣ በአሚባራና ታች በተንዳሆ ደረጃ በደረጃ ወደ ጥጥ እርሻ ተለወጠ፤ የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅም ሰፋፊዎቹን የግል እርሻዎች ወደ መንግሥት አዞረ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የመካከለኛው አዋሽ የመስኖ ልማት ሥራ ዛፉን በቦዮችና በመንገዶች ዳር፣ በሠራተኛ መንደሮችና በማሳ ድንበሮች ላይ ለነፋስ መከላከያና ለጥላ ተከለው፤ በድርቅ የተጎዳው ሕዝብ እህል እየተሰፈረለት በሚሠራበት «ምግብ ለሥራ» በተባለው መርሐ ግብርም ተከላው እስከ አሥርቱ ዓመታት መገባደጃ ቀጠለ።

ዛፉ ከተተከለበት መስመር የወጣው በዋናነት በእንስሳት ሆድ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ሥጋ ስላለው ከብት፣ ግመል፣ ፍየልና ከርከሮ ይመገቡታል፤ በውስጡ ያሉት ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ዘሮች ግን፣ በተለይ በከብት አንጀት ውስጥ፣ አብዛኞቹ ሳይፈጩ አልፈው እርጥበትና ማዳበሪያ ካለው እበት ጋር መሬት ላይ ይወድቃሉ። ድርቅ በጸና ጊዜ ሣሩ ሲያልቅ ይህ ፍሬ የመንጋው ዋና መኖ ስለሚሆን፣ መንጋውም ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ርቆ ስለሚሄድ፣ ዛፉን ተፈላጊ ያደረገው ድርቅ ራሱ ዘሩን አዛመተው። አዋሽ ሲሞላም ጎርፉ ፍሬውን ወደ ታችኛው ሸለቆ ይወስዳል፤ ወዲያው ያልበቀለው ዘር ደግሞ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

የዘሩ ብዛት ብቻውን ግን የተስፋፋበትን ፍጥነት አያስረዳም። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከመንግሥት እርሻዎች ሰፊ መሬት ለአፋር ጎሣዎች ተመለሰ፤ ይህ የፍትሕ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን መሬቱ ሲመለስ ትራክተሩ፣ የቦይ ጥገናውና የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ አብረው ስላልተመለሱ ብዙው ማሳ ጦም አደረ። ጦም ያደረው ማሳ የተገለበጠ አፈር፣ ከቦይ የሚሾልክ ውኃና በድንበሩ ላይ የቆሙ ዘር ሰጪ ዛፎች ነበሩት፤ ስለዚህ ጥጥ ይለቀምበት የነበረው ሜዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰውና ከብት የማያሳልፍ ጥሻ ሆነ። ሣሩ ጠፋ፤ ወደ ወንዙ የሚወስዱት መንገዶች ተዘጉ፤ እሾሁ የከብቱን ኮቴ ወጋ፤ ሌላ መኖ አጥተው ፍሬውን ብቻ የሚበሉ እንስሳትም በመንጋጋና በጥርስ ሕመም ተጎዱ። በኬንያ የባሪንጎ ነዋሪዎች በዚሁ ጉዳት ምክንያት መንግሥታቸውን ሲከሱ ጥርሱ የረገፈ ፍየል ለማስረጃ ፍርድ ቤት ድረስ አቅርበዋል።

በይዞታው ላይ የበቀለውን ተክል አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ የመከላከል መጀመሪያ ነው፤ ችግኙ ከግራር ጋር ስለሚመሳሰል ብዙዎች ሳያውቁ ያሳድጉታል። የፕሮሶፒስ እሾሆች ቀጥ ያሉና አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አንጓ ጥንድ ሆነው የሚወጡ ናቸው፤ አበባው ጣት የሚያህል ተንጠልጣይ ቢጫ ዘለላ፣ ፍሬውም ሲበስል ቢጫ የሚሆን፣ ረዥምና በጥቂቱ የጎበጠ ነው። ጃንጥላ የመሰለው የቆላ ግራር በአንጻሩ ክብ ነጭ አበባና የተጠማዘዘ ፍሬ አለው፤ አበባው ቢጫ የሆነ ግራርም ስላለ ቀለም ብቻውን አያስተማምንም፤ የግራሩ አበባ ግን እንደ ኳስ የከበበ ነው። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ ለምልሞ የሚታይ ጥሻም ለጥርጣሬ በቂ ምክንያት ነው።

የመቆጣጠሩ ታሪክ ብዙ ሙከራና ብዙ ድካም አለበት። ሱዳን በ1995 ዛፉ እንዲጠፋ በሕግ ብታዝም ዛፉ እስከ ዛሬ አለ። በአፋር ከ2000ዎቹ ጀምሮ በገዋኔና በአሚባራ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ግንዱን ለከሰል እንዲያውሉ፣ ፍሬውን ደግሞ ዘሩ እስኪደቅ አስፈጭተው ለመኖ እንዲያቀርቡ ተደርጓል። ማስፈጨቱ ዘሩን ስለሚገድል የሚደገፍ ሥራ ነው፤ ከሰሉ ግን ሁለት ስለት አለው፤ ከላይ ብቻ የተቆረጠ ጉቶ ከበፊቱ በበዙ ቅርንጫፎች ያቆጠቁጣል፣ በፕሮሶፒስ ስም በወጣ ፈቃድም አገር በቀሉ ግራር ተቆርጧል። ዛፉ የሚሞተው ቡቃያ የሚያወጣው የሥሩ አንገት ከአፈር በታች ተቆርጦ ወይም ተነቅሎ ሲወጣ ነው።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ግለሰብ፣ ጎሣና ባለሀብት ያላቸው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው፤ የዛፉ ዕጣም የሚወሰነው ይህን መብት የያዘው ወገን ከምንጣሮው በኋላ በሚያደርገው ነገር ነው። በዶዘር ተመንጥሮ ወዲያው ጥጥ፣ ስንዴ ወይም የመኖ ሣር የተዘራበትና በየወቅቱ የታረሰው የአሚባራ መሬት ከዛፉ ሲጸዳ፣ ተመንጥሮ ባዶ የተተወው በአፈር ውስጥ ከቀረው ዘርና ከጎረቤት ከሚመጣው ከብት እንደገና ተሸፍኗል። ስለዚህ የክልሉ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለምንጣሮ በጀት ከመመደባቸው በፊት መሬቱን ማን እንደሚይዘው፣ በቀጣዩ ወቅት ምን እንደሚዘራበትና ከዝናብ በኋላ የሚበቅለውን ችግኝ ማን እንደሚነቅል በጽሑፍ ያስወስኑ፤ ባለይዞታውም ፍሬ የበላ መንጋ ወደ ጸዳው ማሳ ከመግባቱ በፊት ዘሩን እስኪጥል ድረስ ለጥቂት ቀናት በሌላ ቦታ ያቆየው።