ፍሩ፤ ሥራችሁን ግን ቀጥሉ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህች አጭር አባባል ውስጥ ጊዜውም አለ፣ መሣሪያውም አለ። የሰማት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አይጠፋውም። መንግሥታት ስለ ሽብር የሚያወጡትን ማስጠንቀቂያ ባነበብኩ ቁጥር ግን እበሽቃለሁ። እሳቱ የት እንዳለ አይነገርም፣ ቅጠሉም አይሰጥም። «ሊቃጠል ይችላል፤ ንቁ» ተብሎ ያበቃል።

ለዚህ ከአሜሪካው የቀለም ሰሌዳ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት 3,000 የሚጠጋ ሰው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ፣ በማርች 2002፣ የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ መንግሥት ባለ አምስት ቀለም የስጋት መለኪያ አወጣ። ከታች አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻ ቀይ። ሰሌዳው በቢጫ ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት ሲኖር ለመላው አገሪቱ አንድ ቀን እንኳ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ወርዶ አያውቅም። ቀይ የሆነውም አንዴ ብቻ ነው፤ በኦገስት 2006፣ ከብሪታንያ ወደ አሜሪካ ለሚበሩ አውሮፕላኖች። የቀረው ዘመን በቢጫና በብርቱካናማ መካከል ከፍ ዝቅ ሲል አለፈ።

የትራፊክ መብራት ቢጫ ሲሆን ሾፌር ሁሉ የሚያደርገውን ያውቃል። የዚህኛው ቢጫ ትርጉም ግን ምን ነበር? ባለሥልጣኖቹ ሲጠየቁ መልሳቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ንቁ ሁኑ፣ ሥራችሁን ግን ቀጥሉ። እንዲህ ያለ ምክር ሰውየውን በተቀመጠበት ከማስጨነቅ በቀር ምን ይፈይድለታል?

በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2003 ሰሌዳው ብርቱካናማ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ለሦስት ቀን የሚበቃ ምግብና ውሃ፣ እንዲሁም መስኮትና በር የሚታሸግበት ላስቲክና ሰፊ ፕላስተር ቤቱ እንዲያኖር ተመከረ። ሕዝቡ ወደ ሱቅ ተመመ፤ በዋሽንግተን አካባቢ የፕላስተር መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። ሳምንት ሳይሞላ የአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስትሩ ቶም ሪጅ ወጥተው፣ ሰዉ በርና መስኮቱን ማሸግ እንዲጀምር አንፈልግም አሉ። እንግዲህ ላስቲኩን ገዝቶ ቤቱ የገባው ሰው ምን ያድርገው?

ዋሽንግተንና ዙሪያዋ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ ኤርፖርት የሚሠራው ወገናችን፣ ቀለም ተቀየረ ብሎ ከሥራ አይቀር ነገር፤ ኪራይ አለበት፣ አገር ቤት የሚጠብቀው አለ። አንድ የማውቀው ታክሲ ነጂ በዚያ ሰሞን እናቱ ከአዲስ አበባ ደውለው «ልጄ፣ ቀለሙ ተቀየረ ይሉናል፣ እባክህ አትውጣ» አሉት። «እማዬ፣ ቤት ብቀመጥስ ምን እንዳይመጣብኝ ነው?» አላቸው። እናትም ልጅም የሚያውቁት እኩል ነው፤ ምንም።

በኦገስት 2004 የወጣው ማስጠንቀቂያ እንኳ ቦታ ጠርቷል። ኒው ዮርክ የሚገኘውን የአክሲዮን ገበያ፣ ዋሽንግተን ያሉትን የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ሕንፃዎች በስም አነሳ። ደህና ተባለ። በሁለተኛው ቀን ግን አብዛኛው መረጃ ከ2001ዱ ጥቃት በፊት የተሰበሰበ መሆኑ ታወቀ። ሪጅም በ2009 ባወጡት መጽሐፍ፣ በ2004ቱ ምርጫ ዋዜማ ደረጃው ከፍ እንዲል ከሌሎች ሚኒስትሮች ግፊት እንደነበረባቸውና ነገሩ የደህንነት ነው ወይስ የፖለቲካ ብለው እንደተጠራጠሩ ጻፉ። ሌሎቹ አስተባበሉ። እውነቱ የማንም ይሁን፣ ፍሬ ነገሩ በሌለው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ጥርጣሬ መግባቱ አይቀርም።

የደህንነት ሰዎች መረጃቸው ቁርጥራጭ መሆኑን፣ ምንጫቸውንም መግለጥ እንደማይችሉ እረዳለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። አስጠንቅቆ ምንም ያልደረሰበት ባለሥልጣን የሚያጣው ነገር የለም። ሳያስጠነቅቅ አደጋ የደረሰበት ግን ወንበሩን ያጣል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከሕዝቡ ይልቅ አስጠንቃቂውን መጠበቂያ ይሆናል። ክፉ ቀን ቢመጣ «ነግረናችሁ ነበር» ለማለት ይመቻል።

የቁርጥ ማስጠንቀቂያ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የ2009ን ታሪክ ያስታውስ። በኖቬምበር አንድ ናይጄሪያዊ አባት አቡጃ ወዳለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄዶ ልጁ ከአክራሪዎች ጋር ሳይገጥም እንዳልቀረ ተናገረ። ስም ሰጠ፤ ያውም የገዛ ልጁን ስም። ልጁ ግን አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ከተከለከሉት ሰዎች መዝገብ አልገባም። በገና ቀን ልብሱ ውስጥ ፈንጂ ደብቆ ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት በረረ። በዚያን ጊዜ የአየር በረራ ቀለም ከሦስት ዓመት በላይ ሳይቀየር ብርቱካናማ ነበር። ፈንጂው በትክክል ሳይሠራ ቀረ፤ ሰውየውን የያዙትና እሳቱን ያጠፉት ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች ናቸው። በሜይ 2010ም ኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ ላይ ፈንጂ የተጫነ መኪና ሲጨስ አይተው ለፖሊስ ያመለከቱት የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ያዩት ጭስ ነው፣ ቀለም አይደለም።

የቀለሙ ሰሌዳ በኤፕሪል 2011 ተሻረ። በምትኩ የመጣው ሥርዓት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ስጋቱ እንዲገለጽና የሚያበቃበት ቀን እንዲቆረጥለት ደነገገ። በዚያ መስፈርት እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ አንድም ማስጠንቀቂያ አልወጣም። በዲሴምበር 2015 ግን ቁርጥ ያለ ዛቻ ባይኖርም ስለ አጠቃላይ ሁኔታ የሚወጣ መግለጫ ተጨመረበት። ጭጋጉ በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው።

ፍርሃት ከግብር ጋር ይመሳሰላል፤ መንግሥት ሲጥልብን ለምን እንደሆነ የመጠየቅ መብት አለን። ምን ተሰማ? የት? እስከ መቼ? እኔስ ምን ላድርግ? ከአራቱ ለአንዱም መልስ የሌለው ማስጠንቀቂያ ባለሥልጣኑ መሸከም ያቃተውን ሸክም አውርዶ በእናቶች ጫንቃ ላይ ማኖር ነው። ያ አባት ኤምባሲ ድረስ የተሸከመው ግን ስም ያለው ነገር ነበር።