ጉርሻ ወይስ ደሞዝ?

ለስብሰባም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ አሜሪካ ሄዶ ሆቴል ያደረ ሰው ግራ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ቲፕ። ሻንጣ ለተሸከመው ስንት? መኪና ላመጣው ስንት? ክፍል ለምታጸዳዋስ? የአልጋው ሒሳብ ከነቀረጡ ተከፍሏል፤ ታዲያ ይኼ ደግሞ የምን ነው? ጥያቄው የንፉግ ጥያቄ አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከመቶ ዓመት በፊት ክፉኛ ተጨቃጭቀውበታል።

ለመልሱ ከሆቴሉ በፊት ባቡር መሳፈር አለብን (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጆርጅ ፑልማን በ1867 የመኝታ ባቡር ኩባንያ አቋቋመ። ፉርጎዎቹ በሐዲድ ላይ የሚሄዱ ሆቴሎች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ አልጋ የሚያነጥፍ፣ ጫማ የሚጠርግ፣ ሻንጣ የሚያነሳ አስተናጋጅ አላቸው። አስተናጋጆቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከባርነት የወጡ። ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ኩባንያው ትንሽ ደሞዝ ቆረጠላቸውና የጎደለውን ተሳፋሪው ይሙላው አለ። ተሳፋሪው ደግሞ ስማቸውን እንኳ ሳይጠይቅ ሁሉንም «ጆርጅ» ይላቸው ጀመር፤ በኩባንያው ባለቤት ስም። ባሪያን በጌታው ስም የመጥራት ልማድ ባቡር ተሳፍሮ መጣ ማለት ነው።

በ1915 አንድ የፌዴራል መንግሥት ኮሚሽን ጉዳዩን ሲመረምር ኩባንያውን ወክሎ የቀረበው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሮበርት ቶድ ሊንከን። አዎ፣ የዚያው የአብርሃም ሊንከን ልጅ! የአስተናጋጆቹ ደሞዝ ያኔ በወር 27 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ሥራቸው በወር 400 ሰዓት ወይም 11,000 ማይል ነው። የጫማ ቀለሙን እንኳ ከኪሳቸው ነበር የሚገዙት። በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ፤ ኩባንያው ከማኅበሩ ጋር ውል የፈረመው ግን ከ12 ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ነው። ደሞዙ አደገ፣ የወሩ ሥራም ወደ 240 ሰዓት ወረደ።

ቲፕን በሕግ እናጥፋው ያሉም ነበሩ። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት (ዋና ከተማዋ ሳትሆን በምዕራብ ጠረፍ ያለችው) በ1909 ከለከለች፤ ሌሎች ስድስት ተከተሏት። እስከ 1926 ሁሉም ሕጎች ቀርተዋል። ቲፕ መከልከል ብቻውን ለሠራተኛው ምን ይጨምርለታል? በ1938 የወጣው የዝቅተኛ ደሞዝ ሕግም የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞችን ረስቶ አለፈ። በ1966 ሲያስገባቸው ቀጣሪው ከደሞዙ ከፊሉን በቲፕ እንዲያቻችል ፈቀደለት። ዛሬም በፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ ቀጣሪው ሊከፍል የሚገደደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉ ብዙ ክፍለ ግዛቶች አሉ።

እኛ ቲፕን ጉርሻ ስንል ስሙን የወሰድነው ከማዕድ ነው። የሚጎርስ ሰው እራቱን በጉርሻ አያሰላም፤ እንጀራው ፊቱ ቀርቧል። የፑልማኑ ግን እንጀራው ራሱ ነበር።

በሆቴል ቤት ደግሞ ሌላ አድልዎ አለ። በር የሚከፍተውና ሻንጣ የሚያወጣው ፊታችን ስለሚቆም አንረሳውም። አንሶላ የምትቀይረው፣ መታጠቢያ ቤቱን የምትፈገፍገው ሴት ግን የምትገባው እኛ ስንወጣ ነው። የአሜሪካ ሆቴሎች ማኅበር ለክፍል አጽጂ በአዳር ከ1 እስከ 5 ዶላር፣ ያውም በየቀኑ እንዲተው ይመክራል። በየቀኑ የሆነው ነገ የምትገባው ሌላ ልትሆን ስለምትችል ነው፤ በመጨረሻው ቀን የተተወው ሁሉ ለአንዷ ይደርሳል። በ2014 የማሪዮት ሆቴሎች ለዚሁ የሚሆን ፖስታ በየክፍሉ ሲያስቀምጡ ብዙዎች «ለምን ደሞዛቸውን አትጨምሩም?» አሏቸው። ነገሩ እውነት ነው። እሷ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ቆማ አትጠብቅም፤ አንሶላው ዛሬም ይቀየራል።

ዋሽንግተን ዲሲ ለሚያድር ደግሞ የኛው ነገር ይጨመርበታል። መኪና የሚያቆመው፣ ክፍል የምታጸዳው አበሻ ሆነው ይገኛሉ። እናቴን በምታህል ሴት እጅ ላይ ሦስት ዶላር ማስቀመጥ ያሳፍራል። እሷም «ተዪው ልጄ» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ በእጅ አትስጡ። ዶላሩን ትራስ ላይ አድርጉና «ለእርስዎ ነው፣ እናመሰግናለን» ብላችሁ በወረቀት ጻፉበት። ያለ ወረቀት ከተተወ እንግዳው የረሳው መስሏት ሳትነካው ልትወጣ ትችላለች።