ከዘጠና ሁለት ዓመት በኋላ የደረሰ ዜና

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዜና ጻፈ የሚለው ወሬ የትናንት ቢመስልም፣ ኮምፒዩተር ከዜና ክፍል ከገባ ሰንብቷል። አሶሺየትድ ፕሬስ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የኩባንያዎችን የሩብ ዓመት የሒሳብ ዜና በዚሁ ዘዴ ሲያወጣ፣ 300 ያህል የነበረው ጽሑፍ ወደ 3,000 ከፍ ብሏል። አሰልቺ የቁጥር ሥራ ነውና ብዙም አያስቆጭም።

ለሙያችን ይበልጥ የሚያስተምረው የሎስ አንጀለስ ታይምስ ታሪክ ነው። የጋዜጣው «ክዌክቦት» የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የሚያሠራጨውን የመሬት መንቀጥቀጥ ማስታወቂያ ተቀብሎ በተሰጠው ቅጽ ዜና ያረቅቃል። ማርች 17 ቀን 2014 ማለዳ ምድር ስትናወጥ፣ ፕሮግራሙን የሠራው ጋዜጠኛ ኬን ሽዌንኬ ከእንቅልፉ ነቅቶ ረቂቁን ተዘጋጅቶ አገኘው፤ በዓይኑ ቃኘት አድርጎም አወጣው። ሁሉም በሦስት ደቂቃ ያህል ተፈጸመ።

ጁን 21 ቀን 2017 ግን ያው ፕሮግራም በሳንታ ባርባራ አጠገብ መጠኑ 6.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ ሲል አወጀ። በከተማይቱ የተሰማ ነገር አልነበረም። ነገሩ ሲጣራ፣ የጁን 29 ቀን 1925 መንቀጥቀጥ የደረሰበት ሥፍራ በመዝገብ ላይ ሲታረም፣ ማስታወቂያው በስሕተት ተላልፎ ኖሯል፤ ዓመቱም 2025 ተብሎ ነበር።

ያልደረሰ ዓመት የተጻፈበት ወረቀት ለአንድ ጀማሪ ዘጋቢ ቢሰጠው፣ ስልክ አንሥቶ «ተናወጣችሁ ወይ?» ብሎ በጠየቀ ነበር። ምንጩ ነው የተሳሳተው ይባል ይሆናል፤ ምንጭ እንደሚሳሳት ማወቅ ግን የሙያው ሀሁ ነው። ፕሮግራሙ የታዘዘውን አንድም ሳያጓድል ፈጽሟል፤ መጠራጠርን ያዘዘው አልነበረም። ጋዜጣው ዜናውን ሰረዘ። የሆነውን ጠይቀው ለአንባቢ የዘገቡት የጋዜጣው ሰዎች ናቸው።