ካሜራን ከሰው ራስ በላይ የማንሣት ታሪክ

በጊፋታ ሰሞን በወላይታ ሶዶ የጭፈራ ክብ ሲሠራ ከኋላ የደረሰ ሰው የሚያየው ዱንጉዛ የለበሰ ጀርባ ብቻ ነው። ባለፈው መስከረም የክበባችን ልጆች ያነሡት ቪዲዮም እንዲሁ ሆነ፤ ዘፈኑ ይሰማል እንጂ ጨፋሪው አይታይም።

ይህ ችግር ከእኛ በፊት የሲኒማን ሰዎች አስቸግሯቸው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1916 ግሪፊዝ የተባለው አሜሪካዊ «ኢንቶለራንስ» በተባለው ፊልሙ የባቢሎንን ከተማ ለማሳየት፣ ገበሬ በቆሎውን ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ እንደሚወጣ፣ ካሜራውን በሐዲድ ላይ በሚገፋ ማማ ላይ አወጣው። በ1929 «ብሮድዌይ» ለተባለው ፊልም ትልቅ ክሬን ተሠራ። ካሜራ አንሺው ግን ከክንዱ ጫፍ ላይ ይቀመጥ ስለ ነበረ፣ እርሱን ለመሸከም ብዙ ብረት ያስፈልግ ነበረ። በ1970ዎቹ ፈረንሳውያን «ሉማ» የተባለውን ክሬን ሠሩ፤ ካሜራው ብቻውን ወጥቶ ሰውየው ከታች በቴሌቪዥን እያየ ያዘው። በእኔ አስተያየት ክሬን ለድኻ ተማሪ የቀረበው ያን ጊዜ ነው። ሰው ከወረደ ክንዱ ቀርከሃም ቢሆን ይችላልና!

ይሁን እንጂ ካሜራው ራሱ ገና ሩቅ ነበረ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. ያነሣው በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንደ እኛ ባለ ተማሪ እጅ አይገባም ነበረ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ፊልም ሠሪዎች ወደ ቪዲዮ ዞሩ፤ ዛሬ ደግሞ ስልክ ይበቃል። ድሮን አለ የሚል ቢኖር፣ እርሱ ፈቃድና ገንዘብ ይጠይቃል።

እኛ 4 ሜትር የሆኑ ሁለት ቀርከሃዎችን አንዱን ከአንዱ በላይ ትይዩ አድርገን በምሰሶ ላይ በብሎን አሰርን። ሁለት የሆኑበት ምክንያት ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ስልኩ እንዳያዘነብል ነው። 3 ሜትር ወደ ፊት፣ 1 ሜትር ወደ ኋላ ተውን። ስልኩ ከነመያዣው ግማሽ ኪሎ ስለ ሆነ፣ በስተኋላ 1 ኪሎ ተኩል አሸዋ ይበቃል ብለን አሰላን። ለቀቅነው፤ ወደቀ፤ የስልኩም መስተዋት ተሰነጠቀ። ስልኩ የአባቴ ነበረ።

የፊዚክስ መምህራችን ስሌታችንን አይተው፣ «ቀርከሃውን ማን ይሸከምላችሁ?» አሉን። በእውነትም ረስተነው ነበረ። ሁለቱ ቀርከሃዎች 2 ኪሎ ይመዝናሉ፤ የክብደታቸውም መካከል ከምሰሶው 1 ሜትር ወደ ፊት ይውላል። ስለዚህ 2 ኪሎ አሸዋ ጨምረን 3 ኪሎ ተኩል ስናደርገው ክንዱ በአንድ ጣት የሚነሣ ሆነ።

ለትምህርት ቤታችን በዓል በግቢው የተደረገውን ጭፈራ ያነሣነው በዚሁ ነው። ክቡ ሙሉ ሆኖ ታየ፤ በመካከሉም ከውጭ ማንም ያላያቸው ሕፃናት ታላላቆቻቸውን እየተከተሉ ይዘሉ ነበረ። ማታ አባቴ በተሰነጠቀው መስተዋት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አየው።