ካፍካና የአናጢው ጣቶች

የመጻሕፍት መደርደሪያ ላሠራ ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። በዋጋ ከተስማማን በኋላ አናጢው እጁን ሲዘረጋልኝ፣ የጨበጥኩት ሦስት ጣት ብቻ መሆኑ ታወቀኝ። ሁለቱን መላጊያ ማሽን እንደወሰዳቸው የነገረኝ ያለ ምንም ምሬት ነው። «የማንም ጥፋት አይደለም፤ ተዘናጋሁ» አለኝ።

ይህች «ተዘናጋሁ» የምትል ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ ጉዳይ ብዕሩን ያነሣ አንድ ደራሲ አስታወሰችኝ፤ ፍራንዝ ካፍካን።

ካፍካን የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ1915 በታተመው «ሜታሞርፎሲስ» ነው። እንጀራው ግን ሌላ ነበር። በ1906 በሕግ የዶክትሬት ዲግሪውን ካገኘ በኋላ፣ ከ1908 እስከ 1922 ድረስ ፕራግ በሚገኘው የቦሄሚያ ሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም ውስጥ አገልግሏል። ተቋሙ ባወጣው የ1909 ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ፣ የእንጨት መላጊያ ማሽን የሚያደርሰውን አደጋ ስለ መከላከል የሚያስረዳ ጽሑፍ ከነሥዕሉ አቅርቧል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ማሽኑን እንየው። ሁለት የብረት ጠረጴዛዎች አሉት፤ በመካከላቸው ስለት የታሰረበት ዘንግ በፍጥነት ይሽከረከራል። የፊተኛው ጠረጴዛ ከኋለኛው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ የሚላገውም በዚያ ልዩነት ልክ ነው። አናጢው በመጀመሪያ የጣውላውን ሰፊ ገጽ ያቃናል፤ ከዚያም የተቃናውን ገጽ ቀጥ ብሎ ከቆመው መደገፊያ ጋር አስጠግቶ ጠርዙን እስኳድራ ያደርገዋል። ማሽኑ ጣውላውን ራሱ አይስብም፤ የሚገፋው የሰው እጅ ነው። መከራውም የሚመጣው ከዚሁ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ዘንጉ ባለ አራት ማዕዘን ነበር። በዘንጉ ጠፍጣፋ ጎንና በጠረጴዛው ከንፈር መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ስለቱ ጉጥ ሲያገኝ ወይም የእጅ ግፊት ሲዛነፍ ጣውላው ይፈናጠራል፤ ጣት ወደ ክፍተቱ ይገባል። ካፍካ እንዳስረዳው፣ ይህን እጅግ ጠንቃቃ የሆነ ሠራተኛ እንኳ አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። በጊዜው የነበሩት መከለያዎችም ፍቱን አልነበሩም። አንዳንዶቹ ክፍተቱን ሲያጠቡ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣል፤ ሠራተኛው የታፈነውን ሊጠርግ እጁን ሲሰድ ይቆረጣል።

መፍትሔው ታዲያ ምን ነበር? ክብ ዘንግ። ስለቱ በዘንጉ አካል ውስጥ ተሸሽጎ ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል፤ ክፍተቱም ይጠባል። ጣት ቢያመልጥ እንኳ የሚደርስበት ቀላል ቁስል ነው።

እኔን የገረመኝ ፍርዱ ነው። የመድን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ «ተጠንቀቁ» ብሎ ቢያልፍ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ካፍካ ግን ሰውየውን ትቶ ብረቱን ጠየቀ። በ1914 የጻፈውን፣ ፍርድን በሰው ገላ ላይ የሚቀርጸውን መኪና ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ የፕራግ ቢሮ ፊቴ ድቅን ይላል።

ዛሬ ክብ ዘንግ የተለመደ ሆኗል። አደጋው ግን ጨርሶ አልጠፋም። መከለያው ከቦታው መነሣት የለበትም፤ አጭር ቁራጭ እንጨት በዚህ ማሽን አይላግም፤ ከስለቱ በላይ የሚያልፈው መግፊያ እንጨት እንጂ መዳፍ አይደለም፤ ጓንትም አይደረግም፣ ስለቱ ከያዘው እጅን ይዞ ይገባልና።

መደርደሪያዬን ልረከብ ስመለስ ማሽኑን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዘንጉ ክብ ነው። መከለያው ግን ከበሩ ኋላ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

«ማን ነቀለው?» አልኩት።

«ሥራ ያጓትታል ብሎ ባለቤቱ ነው ያስነቀለው፤ እኔ ሳልቀጠር በፊት» አለኝ።

ተዘናጋሁ ያለኝ ግን እሱ ነበር።