በኤሌክትሪክ መስክ የማጣሪያ ሜምብሬን መደፈንን መቀነስ

ኤሌክትሮፊልትሬሽን ድፍርስ ውሃ በስስ ሜምብሬን ሲጣራ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ የጭቃውን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ኋላ የሚመልስ ዘዴ ነው።

ዘዴው የሚፈታውን ችግር ለመረዳት የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ገለጉ ያለችበት ቆላ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከከተማዋ ጋር ስም የሚጋራው ወንዝ በበጋ ይደርቃል፤ በክረምት ግን ዋልካውን አጥቦ እየደፈረሰ ወደ ሱዳን ይወርድና ከዲንደር ወንዝ ይቀላቀላል። እንዲህ ያለውን ውሃ በእንስራ ቢያሳድሩት አሸዋው ይዘቅጣል፤ ዋልካው ግን አይዘቅጥም። በዋልካው ውስጥ ያለው የሸክላ ቅንጣት ከ2 ማይክሮሜትር በታች ነው፤ ገጹም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። በናይል ዳር ያሉ የሱዳን ሴቶች ውሃውን የሚያጠሩበት የሽፈራው ፍሬ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፦ በፍሬው ውስጥ ያለው ፖዘቲቭ ፕሮቲን ቅንጣቶቹን አያይዞ ያዘቅጣቸዋል።

ሜምብሬን ግን መዝቀጥን አይጠብቅም። ውሃው በግፊት ሲያልፍ ጭቃው ገጹ ላይ እየተደራረበ ቂጣ ይሠራል፤ ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ማጠቢያ ኬሚካልና ሥራ ማቆም ይከተላል። ኤሌክትሮፊልትሬሽን ያንኑ ያስቸገረ ቻርጅ መሣሪያ ያደርገዋል። ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ በድፍርሱ ውሃ በኩል፣ ኔጌቲቩ ደግሞ ከሜምብሬኑ ጀርባ ይቀመጣል። ሸክላው ወደ ፖዘቲቩ ይሸሻል። ሜምብሬኑም ኔጌቲቭ ገጽ ካለው ውሃው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ወደ ኔጌቲቩ ይሳባል። የመጀመሪያው ክስተት ኤሌክትሮፎረሲስ፣ ሁለተኛው ኤሌክትሮኦስሞሲስ ይባላል፤ ሁለቱንም ፈርዲናንድ ሮይስ በ1807 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ያስተዋለው በእርጥብ ሸክላ ላይ ነበር።

የሚያስፈልገው የመስክ ጥንካሬ በቀላሉ ይሰላል። በካሬ ሜትር በሰዓት 100 ሊትር የሚያሳልፍ ሜምብሬን ቅንጣቶቹን በሴኮንድ 28 ማይክሮሜትር ያህል ወደ ራሱ ይስባል። በሴንቲሜትር 1 ቮልት የሆነ መስክ ሸክላን በሴኮንድ 3 ማይክሮሜትር ገደማ ቢያንቀሳቅስ፣ ሁለቱ የሚመጣጠኑት በሴንቲሜትር 9 ቮልት አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ቂጣው ለመሠራት ይቸገራል።

ወጪውን የሚወስነው የውሃው ጨው ነው። ጨው በበዛ ቁጥር የኤሌክትሪክ ጅረቱ ይጨምራል፣ ውሃው ይሞቃል፣ ኃይል ይባክናል። የክረምት ጎርፍ ግን ጭቃው ብዙ፣ የሟሟ ጨው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘዴው ከጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ይልቅ ለእንዲህ ያለ ወንዝ ይስማማል ማለት ይቻላል። መስኩን ያለማቋረጥ ከመልቀቅ ይልቅ እያበሩ ማጥፋትም ኃይል ይቆጥባል።

ኤሌክትሮዶቹ ላይ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይፈጠራሉ፤ የውሃው አሲድነትም በአካባቢያቸው ይለወጣል። ተራ ብረት በፖዘቲቩ በኩል ቶሎ ስለሚበላ ፕላቲነም የተቀባ ቲታኒየም ይመረጣል፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው። ቻርጅ የሌለው የሟሟ ነገር በመስኩ አይመለስም። የተመለሰው ዋልካም እዚያው ድፍርሱ ውሃ ውስጥ እየበዛ ስለሚሄድ በየጊዜው መልቀቂያ ቧንቧ ተከፍቶ መውጣት አለበት።