ዴኩ ከካሴቱ ቀድሞ ሲሞት
የቤት ቪዲዮ ካሜራ አጭር ታሪክ፣ ካሴት ላስቀመጠ ሁሉ

በውጭ አገር ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ በኖረ ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ፣ በቁም ሣጥን ግርጌ ወይም በአልጋ ሥር፣ በካርቶን የታጨቀ የቪዲዮ ካሴት አይጠፋም። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ የልጆች ልደት፣ ከአገር ቤት በሰው እጅ የተላከው የእናት ሰላምታ ሁሉ እዚያው ነው። ካሴቱ አለ፤ ማጫወቻው ግን ወይ ተሰብሯል ወይ ተጥሏል። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት የቪዲዮን ታሪክ ከመነሻው ማየት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቴሌቪዥን ጣቢያ እስከ ሳሎን

ምስልን በማግኔት ክር ላይ መቅዳት ሲጀመር የጣቢያዎች ሥራ እንጂ የቤተሰብ ጉዳይ አልነበረም። አምፔክስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በቻርልስ ጊንስበርግ የተመራ ቡድን የሠራውን የመጀመሪያ የተሳካ መቅረጫ በኤፕሪል 1956 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ አሳየ። ክሩ 2 ኢንች ስፋት ነበረው፤ የመሣሪያው ዋጋ ደግሞ ወደ 50,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። በቡድኑ ውስጥ የነበረው ወጣት ሬይ ዶልቢ፣ በኋላ ስሙ በየቴፑና በየሲኒማ ቤቱ የተጻፈው ያው ዶልቢ ነው።

በዚያ ዘመን ቤተሰቡን መቅረፅ የፈለገ ሰው የነበረው ምርጫ ፊልም ነበር። ኮዳክ በ1965 ያወጣው ሱፐር 8 በአንድ ካርትሪጅ የሚቀርፀው 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ ላይም ድምፅ አልነበረውም። ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ከመጣም በኋላ ፕሮጀክተርና ነጭ ጨርቅ ያሻዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ሠርግ ሙሉውን መቅረፅ ለሀብታምም ከባድ ነበር።

በሩን የከፈቱት ጃፓኖች ናቸው። ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄ.ቪ.ሲ. ደግሞ በ1976 ቪ.ኤች.ኤስ.ን አወጡ። የሶኒው የመጀመሪያ ካሴት የሚይዘው 1 ሰዓት ሲሆን የጄ.ቪ.ሲ. ግን 2 ሰዓት ያዘ። ጄ.ቪ.ሲ. ሌሎች ፋብሪካዎችም በእርሱ ስልት ዴክ እንዲሠሩ ፈቀደ። ገበያው ቀስ በቀስ ወደ ቪ.ኤች.ኤስ. አዘነበለ። የፊልም ኩባንያዎቹ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ በ1976 ሶኒን ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በጃንዋሪ 1984 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ቤቱ ቢያይ ሕግ አልጣሰም ሲል ፈረደ።

ካሜራውና መቅረጫው አንድ ሲሆኑ

መጀመሪያ ላይ ካሜራና ዴክ ለየብቻ ነበሩ። ቀራፂው አንዱን በትከሻው ተሸክሞ ሌላውን በማንገቻ አንጠልጥሎ፣ በገመድ አገናኝቷቸው ይዞር ነበር። ሁለቱን በአንድ ገላ ያዋሐደው የመጀመሪያው የቤት ካምኮርደር በ1983 የወጣው የሶኒ ቤታሙቪ ነው። ክብደቱ 2.5 ኪሎ ያህል ሲሆን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ይቀርፃል እንጂ የቀረፀውን መልሶ አያሳይም። በማግስቱ ዓመት ጄ.ቪ.ሲ. በትንሽ ካሴት የሚሠራና መልሶ የሚያሳይ ካሜራ አወጣ። ይህ ቪ.ኤች.ኤስ.-ሲ የተባለው ካሴት በማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በተራው ዴክ ይታያል። በ1985 የሶኒ የ8 ሚሊሜትር ካሜራ ተከተለ፤ በ1989 የወጣው ሞዴል ደግሞ 790 ግራም ብቻ ይመዝን ስለነበር በጃፓን ፓስፖርት የሚያህል እየተባለ ተሸጠ።

መሣሪያው ለመዝናኛ የታሰበ ቢሆንም ምስክርም ሆነ። በማርች 3 ቀን 1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግን ሲደበድቡ፣ ጆርጅ ሆሊዴይ የተባለ ነዋሪ ከቤቱ ሰገነት ላይ ሆኖ በሶኒ ሃንዲካም ቀረፃቸው። ያ ካሴት በአካባቢው ጣቢያ ከታየ በኋላ ዓለምን ዞረ።

የአሜሪካ ካሴት አዲስ አበባ ሲደርስ

በዚሁ በ1991 ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ተለወጠ፤ ወደ አገር ቤት መመላለስም ለብዙ ስደተኛ ቀለለ። ካሜራው በሻንጣ ሄደ፤ ካሴቶችም በሰው እጅ ወዲያና ወዲህ ተላላኩ። ብዙ ቤተሰብ ግን የተላከለትን ካሴት ዴክ ውስጥ ቢከት የሚዘልል፣ የተጨማደደ ወይም ቀለም የሌለው ምስል አየ። ካሴቱ ተበላሽቶ አልነበረም፤ የሥርዓት ልዩነት ነው።

አሜሪካ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የተባለውን ስልት ትከተል ነበር፤ ምስሉ 525 መሥመሮች ያሉት ሆኖ በሴኮንድ 30 ያህል ጊዜ ይለዋወጣል። ኢትዮጵያ፣ እስራኤል፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶችና አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ ደግሞ ጀርመናዊው ዋልተር ብሩክ በቴሌፉንከን ኩባንያ የፈለሰፈውን ፓል ይጠቀሙ ነበር፤ ይህኛው 625 መሥመሮች ሲኖሩት በሴኮንድ 25 ጊዜ ይለዋወጣል። ፈረንሳይ ሴካም የተባለ የራሷ ስልት ነበራት። ልዩነቱ ከዴኩ ውስጥም ይገባል፤ ሄድ የተሸከመው ከበሮ በአሜሪካው ቪ.ኤች.ኤስ. በሴኮንድ 30 ጊዜ፣ በፓሉ 25 ጊዜ ይሽከረከራል። ስለዚህ ከዱባይ የተላከ ካሴት አዲስ አበባ ላይ ሲታይ ከዋሽንግተን የተላከው አልታይ አለ። መፍትሔው መልቲ ሲስተም ዴክ መግዛት ወይም በባለሙያ ማስቀየር ነበር። የአሜሪካውን ዴክ ራሱን ልኮ ለመገላገል ያሰበም፣ የአገር ቤቱ መብራት 220 ቮልት መሆኑን ዘንግቶ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካው ይቃጠልበት ነበር።

ከመሣሪያው ሙሉ ጥቅም ያገኘው ማን ነው?

ጥሩ ካሴት የቀረለት ውድ ካሜራ የገዛው ሰው ብቻ አይደለም፤ ትንንሹን ነገር ያወቀም ነው። ካሴት ለመቆጠብ ኢ.ፒ. በተባለው ዝግተኛ ፍጥነት የቀዳ ሰው 2 ሰዓቱን ካሴት 6 ሰዓት አሠራው። ነገር ግን ክሩ በሲሶ ፍጥነት ስለሚሄድ ምስሉ ደበዘዘ፤ በሌላ ዴክ ሲታይም ትራኪንጉ ያስቸግራል። በኤስ.ፒ. የቀዳው ዛሬ የተሻለ ምስል አለው።

በቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ የሰበረ ሰው ሠርጉን አዳነ፤ እርሷ ከሌለች ዴኩ በላዩ አይቀዳም። ያልሰበረው ሙሽሮቹ ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ተቀድቶ ያገኛቸዋል። ምስሉን በፖዝ አቁሞ ማቆየትም ይጎዳል፤ የሚሽከረከረው ሄድ አንዱኑ ቦታ ደጋግሞ ይፍቀዋልና። ከብርድ ወደ ሞቃት ቤት የገባ ካሜራ ደግሞ ውስጡ ላብ ስለሚያወጣ፣ ክሩ ከበሮው ላይ እንዳይጣበቅ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን በኋላ የመጣው ነው። የቪ.ኤች.ኤስ.-ሲ ካሴት ማቀፊያ አለው፤ የ8 ሚሊሜትር ካሴት ግን በቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ የሚያስገባው ማቀፊያ የለውም። ለብዙው ቤተሰብ ማጫወቻው ካሜራው ራሱ ነበር። «አርጅቷል» ተብሎ ካሜራው ሲጣል የካሴቶቹ ቁልፍ አብሮ ተጣለ።

የዴኩ ሞት

በ1995 ሚኒ ዲ.ቪ. የተባለው ዲጂታል ካሴት መጣ፤ ቀጥሎ ዲቪዲው፣ ቀጥሎ ስልኩ። ሶኒ በ2002 የቤታማክስን ዴክ መሥራት አቆመ፤ በማርች 2016 ካሴቱንም አቆመ። በዚያው ዓመት በጁላይ ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጨረሻውን የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ ሠርቶ ምርቱን ዘጋ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት በ2015 ባወጣው ጽሑፍ፣ እስከ 2025 ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ የማግኔት ክር ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ምክንያቱ ክሩ ማርጀቱ ብቻ ሳይሆን ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ ባለሙያ አብረው ማለቃቸው ነው። ያ ዓመት አልፏል፤ ካሴት ሁሉ በአንድ ቀን አይሞትም፣ ግን እየቆየ የሚሻለው አንድም የለም።

ካሴት ያለው ቤተሰብ ሊያደርገው የሚገባው ግልጽ ነው። ካሴቶቹን ከምድር ቤት እርጥበትና ከጣሪያ ሥር ሙቀት አውጥቶ እንደ መጽሐፍ ማቆም፤ የሻገተውን በምንም ዓይነት ዴክ ውስጥ አለመክተት፤ ለሚገለብጥ ባለሙያ ካሴቱ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ይሁን ፓል፣ የት አገር እንደተቀዳ ቀድሞ መንገር፤ መጀመሪያ ዳግመኛ ሊቀረፅ የማይችለውን፣ በሕይወት የሌለ ሰው ድምፅ ያለበትን ማስገልበጥ። የተገለበጠውንም በአንድ ቦታ ብቻ አለማስቀመጥ፤ አንዱን ቅጂ ቤት፣ ሌላውን በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ማኖር ነው። ዛሬ በስልክ የሚቀረፀውም ያለ ሁለተኛ ቅጂ ከቆየ ዕጣው ከዚህ አይለይም።

አንድ ሥራ ግን ለባለሙያ የሚሰጥ አይደለም። ብዙው ካሴት ላይ የተጻፈው «ሠርግ» ወይም «አዲስ አበባ» የሚል ብቻ ነው። በምስሉ የሚታዩት እነማን እንደሆኑ፣ የምርቃቱን ቃል የተናገሩት ሽማግሌ የማን አባት እንደነበሩ የሚያውቁት ታላላቆች ዛሬ አርጅተዋል። የተገለበጠውን ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ ማየትና ስሙን መጻፍ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ አሁን የሚሠራ ሥራ ነው።